ዊንዶውስና ቪ ስጫን የደንበኞቼ ፓስወርድ ቤቴ ድረስ መጣ፣ ምን ላድርግ?

ጽሕፈት_በፖሊ (ሰኞ ማታ 3፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ፖሊ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ፣ ሁለት ዴስክቶፕ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ፕሪንተር፣ በቃ። ሲቪ እሰራለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ ዲቪ ሲደርስ ዲቪ፣ የተማሪ ሪሰርች ማስተካከል ምናምን። ዓምና አንድ የፖሊ ተማሪ ሪሰርቹን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ቆየና "እንዴ አንድ አንድ እያልሽ ነው ኮፒ ፔስት የምታደርጊው?" ብሎ ሳቀብኝ። የዊንዶውስን ቁልፍና ቪን አንድ ላይ ጫኚ አለኝ። ስጫን ኮፒ ያደረግኩትን ሁሉ በዝርዝር የሚይዘውን ነገር ላብራው ወይ የሚል መጣ፣ አበራሁት፣ ከዛን ቀን ወዲህ ያለሱ መስራት አልችልም። አስሩን ሪፈረንስ አንዴ ኮፒ ኮፒ አርጌ ሌላኛው ፋይል ላይ ሄጄ ከዝርዝሩ እየመረጥኩ ማስገባት ነው። "ጉዳዩ፡ የስራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ" የምትለዋን ደግሞ በቀን ስንቴ እንደምጽፋት እግዜር ይወቀው፣ እሷን ከዝርዝሩ እንዳትወጣ ፒን አርጌ አስቀምጫታለሁ።

አሁን ወደ ችግሬ። ቅዳሜ ማታ ታናሽ ወንድሜ ቤት በኔ ላፕቶፕ አሳይመንት እየሰራ "ነይ እስኪ ይሄ ሁሉ የማን ነው" ብሎ ጠራኝ። ሄጄ ሳይ ያቺ ዝርዝር ተከፍታለች፣ ውስጧ ቀን ሱቅ ውስጥ ኮፒ ያደረግኩት ነገር ተደርድሯል። አንድ ሰውዬ በቴሌግራም ልኮልኝ ኮፒ አርጌ ያስገባሁለት የኢሜይል ፓስወርድ፣ የአንዲት እናት የፋይዳ ቁጥር፣ የሰው የባንክ ሂሳብ ቁጥር ከነስሙ፣ የፓስፖርት ቁጥር ሳይቀር። ልብ በሉ ላፕቶፑ ያለው ቤት ነው ኮምፒውተሩ ያለው ሱቅ ነው፣ መሃላቸው ገመድ የለ ፍላሽ የለ። ወንድሜማ "ሰላይ ሆንሽ እንዴ" ብሎ ቀለደ፣ እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንዴት መጣ? ላጥፋው ወይስ ሌላ መላ አለው? ደግሞ ለሰዎቹ ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል? የምታውቁ ንገሩኝ እባካችሁ።

ኬብል_ጎታች (ሰኞ ማታ 3፡32)

እህቴ ሃከር አይደለም አትደንግጪ። ሱቅ ያለውም ቤት ያለውም ማሽን ላይ በአንድ የማይክሮሶፍት አካውንት ነው አይደል የገባሽው? ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዛ ክሊፕቦርድ (ኮፒ ያደረግሽው ነገር የሚቀመጥበት) የሚል አለ። እሱ ውስጥ ታሪክ (የኮፒዎቹን ዝርዝር) መያዙ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፣ ወደ ሌላ መሣሪያ መላኩ ሌላ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሁለተኛውን ካላበሩት አይላክም፣ አንድ ቀን ስትነካኪ ሁሉንም አብርተሽዋል ማለት ነው። ሲበራ ደግሞ ምርጫ አለው፣ አንደኛው ኮፒ ያደረግሽውን ሁሉ ራሱ ይልካል፣ ሌላኛው ራስሽ ከዝርዝሩ መርጠሽ ካላሳለፍሽው አይልክም። ያንቺ የመጀመሪያው ላይ ነው ያለው።

እንግዲህ አሰራሩን ልንገርሽ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያውቅ ይመስለዋል እንጂ አያውቀውም። ይሄ ነገር ዊንዶውስ 10 ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በመጣው አፕዴት ነው የገባው። 25 ነገር ይይዛል፣ 26ኛው ሲገባ የመጨረሻው አሮጌ ይወጣል። ጽሑፍና ምስል ይይዛል፣ አንዱ ከ4 ሜጋባይት በላይ ከሆነ አይዝም። ፋይል ራሱን ኮፒ ስታደርጊ (ፎልደር ውስጥ) ዝርዝሩ ላይ አይታይም፣ ስክሪንሹት ግን ይገባል። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲሆን ሁሉም ይጠፋል፣ ፒን ያደረግሽው ሲቀር። አሁን አንቺ ጋ ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ሪስታርት አያውቅም፣ ማታ ስክሪኑ ይጠፋል ጠዋት ማውሱ ይነቃነቃል በቃ። ልክ አይደለሁም?

ጽሕፈት_በፖሊ

ልክ ነህ ወንድሜ 😅 ሪስታርት የምናደርገው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው።

ዝም_ባይ (ሰኞ ማታ 4፡05)

አሁን ይሄ ምኑ ነው የሚያስጨንቀው? የእማማን የፋይዳ ቁጥር ማን ምን ሊያደርግበት ነው። ማታ ላይ ወንድምሽ አየው እንጂ ኤፍቢአይ አላየው። ሰው ፓስወርዱን በወረቀት ጽፎ እጅሽ ላይ የሚያስቀምጥበት አገር ላይ ክሊፕቦርድ ክሊፕቦርድ እያላችሁ ታካብዳላችሁ።

ሐሙስ_ገበያ (ሰኞ ማታ 4፡21)

@ዝም_ባይ አንተ ደርሶብህ ስለማያውቅ ነው። እኔ ልንገርህ። የዛሬ ስንት ዓመት ዲቪ የሞላሁት አንድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነው፣ የትኛው ከተማ እንደሆነ ይቅር። ልጁ ሞላልኝ፣ ኮንፈርሜሽን ቁጥሩን ኮፒ አርጎ የራሱ ፋይል ላይ ለጠፈና ለኔ በብጣሽ ወረቀት በእጁ ጽፎ ሰጠኝ። ውጤት ሲወጣ ቁጥሬን ሳስገባ ስህተት ነው ይላል። አንድ ፊደል አሳስቶ ነው የጻፈልኝ (ሆነ ብሎ ይሁን ሳያውቅ እሱና ፈጣሪው ይወቁ)። ውጤት ለማየት የሚጠየቀው ኮንፈርሜሽን ቁጥር፣ የቤተሰብ ስምና የትውልድ ዓመት ነው፣ ሦስቱም እሱ ጋ አለ። ቁጥር ለጠፋበት ሰው መልሶ ማግኛ አለው ተባልኩ፣ እሱም ፎርሙ ላይ የተሞላውን ኢሜይል ይጠይቃል፣ ኢሜይሉ ደግሞ የማን ነበር? የቤቱ! እኔ ያኔ ኢሜይል የለኝም ነበር።

ስለዚ ቁጥሩ ያለው ማን ጋ ነው የሚለው ነገር ቀልድ አይደለም። አንቺ ጽሕፈት_በፖሊ ግን ስለጠየቅሽ ራሱ ተባረኪ፣ ብዙዎቹ አይጠይቁም።

ዝም_ባይ

እሺ እሱ ግን ክሊፕቦርድ ሳይሆን ሌብነት ነው 🤷

ሐሙስ_ገበያ

ሌባው ቁጥሩን ያገኘው ከየት ሆኖ ነው ታዲያ

መምህር_በጡረታ (ማክሰኞ ጠዋት 1፡15)

እንደምን አደራችሁ። እኔ የድሮ ሰው ነኝና ጥያቄዬን አትናቁብኝ። እስከ ዛሬ ኮፒ ሳደርግ አንዱ ሲገባ አንዱ እንደሚጠፋ ነበር የማውቀው። ለመሆኑ ያ ኮፒ የተደረገው ነገር የት ነው የሚቀመጠው? ሌላ ፕሮግራምስ ያየዋል ወይ?

ሊኑክስ_ወይም_ሞት (ማክሰኞ ጠዋት 2፡02)

ጋሼ ጥያቄዎ ከሁላችንም ጥያቄ ይበልጣል። ኮፒና ፔስት የሚባለውን ነገር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዜሮክስ የምርምር ማዕከል ውስጥ እነ ላሪ ቴስለር ሲሰሩት (ሰውዬው በ2020 ነው ያረፈው) አንድ ኮምፒውተር አንድ ሰው የሚጠቀምበት፣ አንድ ነገር ከዚ አንስቶ እዛ ማስቀመጥ ነበር ሃሳቡ። የጋራ ጠረጴዛ በሉት። ኮፒ ሲያደርጉ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ፔስት ሲያደርጉ ከጠረጴዛው ያነሳሉ። ጠረጴዛው የጋራ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተ ማንኛውም ፕሮግራም ቀና ብሎ ሊያየው ይችላል፣ ፈቃድ አይጠይቅም። ዊንዶውስ ላይ እንደዛ ነው፣ የድሮው ሊኑክስ ላይም እንደዛው ነው። አዲሱ ዌይላንድ የሚባለው የሊኑክስ አሰራር ላይ ተራ ፕሮግራም የሚያየው ፊት ለፊት ተከፍቶ ሲሰራበት ነው። ብራውዘር ውስጥ ያለ ድረ ገጽ ደግሞ ዝም ብሎ ማንበብ አይችልም፣ ወይ ፈቃድ ይጠይቃል ወይ እርስዎ ራስዎ ፔስት ማድረግ አለብዎት። መጻፍ ግን ይችላል፣ አንድ ቁልፍ ሲነኩለት።

ድሮ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው አንድ ብቻ ስለነበር አዲስ ኮፒ ሲመጣ ምስጢሩ በራሱ ጊዜ ይጠፋ ነበር። ታሪክ ሲጀመር ነው መጥፋቱ የቀረው።

እና ወገኖቼ ዲቶ፣ ኮፒ ኪው ምናምን የሚባሉ የክሊፕቦርድ ፕሮግራሞችን ጭናችሁ ከሆነ እነሱ ከዊንዶውሱ ይለያሉ። ዲስክ ላይ ፋይል ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፣ ሪስታርት አያጠፋውም፣ እናንተ እስክታጠፉት ወይም የሰጣችሁት ገደብ እስኪሞላ ይቆያል። እኔ ኮፒ ኪው ነው የምጠቀመው ነፍሴ ነው፣ ግን ፓስወርድ በሱ አላሳልፍም።

መምህር_በጡረታ

ጠረጴዛው ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።

ኬብል_ጎታች (ማክሰኞ ጠዋት 2፡40)

ሊኑክሱ ከተናገረ አንድ ልጨምር፣ ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ሰዎች ወርድን አትርሱ። ወርድ ራሱ የቻለ ሌላ ክሊፕቦርድ አለው፣ 24 ይይዛል፣ ከዊንዶውሱ ታሪክ የተለየ ነው። ዊንዶውሱን አጽድታችሁ ወርዱ ላይ ተከፍቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። የኦፊስ ፕሮግራሞችን በሙሉ ስትዘጉ ይሄዳል፣ የመጨረሻው ኮፒ ሲቀር።

ዲራ_ዱባይ (ማክሰኞ 6፡30)

እኔ ደግሞ ከዱባይ ነኝ፣ የኔን ስሙ። ሰው ቤት ውስጥ ስለተቀመጠ ኮምፒውተር ታወራላችሁ፣ የኔ ክፍሌ ውስጥ ያለ የራሴ ላፕቶፕ ነው። አንድ ወዳጄ ብር ነበረበትና በዩኤስዲቲ (ዶላርን ተከትሎ የሚሄድ ክሪፕቶ) ልላክልህ አለኝ፣ አድራሻዬን ከዋሌቴ (ከክሪፕቶ ቦርሳዬ) ኮፒ አርጌ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩለት፣ ላከ። አልገባም። ላክሁ ይላል፣ አልደረሰም እላለሁ፣ ልንጣላ ምንም አልቀረን። በኋላ የላከበትን አድራሻ ሳይ የኔ አይደለም! ቲ ብሎ ይጀምራል፣ 34 ፊደልና ቁጥር ነው፣ ሁሉም የትሮን (የላከበት የክሪፕቶ ኔትወርክ) አድራሻ እንደዛ ስለሆነ በዓይን አትለየውም፣ ማንስ 34 ፊደል ይቆጥራል።

እና የደረስኩበት እንዴት መሰላችሁ፣ በዚችው በዊንዶውስና ቪ። ስከፍታት ሁለቱ አድራሻ ከላይና ከታች ተደርድረዋል፣ የኔ ታች፣ የሌባው ላይ። እኔ አንዴ ብቻ ነው ኮፒ ያደረግኩት። ኮምፒውተሬ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ፣ ሥራው ክሊፕቦርዱን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፣ አድራሻ የሚመስል ነገር ሲያይ በራሱ ይቀይረዋል። ክሊፐር ነው የሚሉት። ከየት መጣ ብትሉኝ ክራክ የተደረገ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ጭኜ ነበር፣ በነጻ አገኘሁ ብዬ። ነጻ!

ስንት እንደሄደ አትጠይቁኝ። ከዛ በኋላ አድራሻ ከለጠፍኩ መጀመሪያውን 6 መጨረሻውን 6 ሳላይ አልልክም፣ መሃሉንም አንዳንዴ።

ዝም_ባይ

ወይኔ ጉድ። እሱስ ይደብራል። አይዞህ ወንድሜ

ሊኑክስ_ወይም_ሞት

አይዞህ። ግን ልብ በሉ፣ እዚጋ ታሪኩ ምስክር ሆነ እንጂ ሌባ አልሆነም። ታሪኩ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ዲራ ወዳጁን እንደከሰሰ ይቀር ነበር። ስለዚ አጥፉት ብቻ የምትሉ ሰዎች ቆም በሉ።

ሪያድ_ማእድቤት (ማክሰኞ ማታ 2፡50)

ሰላም እህቶቼ ወንድሞቼ እኔ ኮምፒውተር የለኝም ስልክ ብቻ ነው ያለኝ፣ ሪያድ ነው ምሰራው። ይሄን ሳነብ ኪቦርዱ ላይ ያለችውን የወረቀት ምልክት ነካኋት፣ ኧረ ጉድ! ከወራት በፊት ኮፒ ያረኩት ሁሉ አለ። የባንክ አካውንቴ፣ ለእማዬ የላኩበት ኮድ፣ ከጓደኛዬ ጋር ስለ ማዳሟ ያወራነውን ጭምር 🙈 የቤቱ ልጆች ስልኬን እየወሰዱ ጌም ይጫወቱበታል እኮ፣ ትልቋ ደግሞ ብልጥ ናት ሁሉንም ትነካካለች። አማርኛ አታነብም እንጂ ቁጥር ታነባለች። እንዴት ላጥፋ?

ኬብል_ጎታች (ማክሰኞ ማታ 3፡05)

እህቴ እዛው ምልክቱን ነክተሽ ከላይ የቆሻሻ ቅርጫት ወይም እስክሪብቶ ካለ ነክተሽ ሁሉንም ምረጪና አጥፊው። የተቆለፈ ምልክት ያለበትን ወይም ፒን የሆነውን መጀመሪያ ፍቺው፣ አለዚያ ይቀራል።

ስልክ ላይ ጉዳዩ ኪቦርዱ ነው። የጉግል ኪቦርድ ያለሽ ከሆነ ፒን ያላረግሽውን በ1 ሰዓት ያጠፋዋል። አንዳንድ የስልክ አምራቾች ራሳቸው የሚሰሩት ኪቦርድ ግን እንዲህ ጊዜ አይቆርጥም፣ ሞልቶ ካልወጣ ወይ ካላጠፋሽው ይቀመጣል። ያንቺ እንደዛኛው ነው የሚመስለው። ወደ ጉግሉ፣ ጂቦርድ ወደሚባለው፣ ብትቀይሪ ይሻልሻል፣ አማርኛም አለው።

አንድሮይድ ራሱ እየጠበበ ነው የመጣው። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ከኋላ የተከፈተ አፕ ክሊፕቦርዱን ማንበብ አይችልም፣ ፊት ለፊት ያለው አፕና ኪቦርዱ ብቻ ናቸው የሚያነቡት። 12 ላይ አንድ አፕ ሲያነብ ከታች ጽሑፍ ብቅ ይልልሻል። 13 ላይ ደግሞ ስርዓቱ ራሱ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ያጠፋዋል። ግን ያ የስርዓቱ ጠረጴዛ ነው፣ ኪቦርዱ የራሱን ቅጂ ከያዘ እሱ ሌላ ነው።

ሪያድ_ማእድቤት

አጠፋሁት ተባረክ ወንድሜ። ሁሉንም። ልቤ አረፈ

ሲልቨር_ስፕሪንግ (ማክሰኞ ማታ 4፡10)

አይፎን ያላችሁስ? በ2020 እ.ኤ.አ. ታላል ሐጅ ባክሪና ቶሚ ሚስክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ብዙ የታወቁ አፖች ስትከፍቷቸው ብቻ ዝም ብለው ክሊፕቦርድ እንደሚያነቡ አሳዩ፣ ቲክቶክም አለበት። አይኦኤስ 14 ሲመጣ እከሌ ከእከሌ ለጠፈ የሚል ጽሑፍ ከላይ ብቅ ማለት ጀመረና ሁሉም ተጋለጠ። ቲክቶክ ስፓም ለመከላከል ነው ብሎ አነሳው። አይኦኤስ 16 ላይ ደግሞ ጭራሽ ይፈቀድ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ግን ፍቀድ ፍቀድ እያለ ሳያነብ ነው የሚያልፈው፣ እኔን ጨምሮ 😬

ሌላው፣ አይፎንና ማክ ያለው ሰው አንዱ ላይ ኮፒ ያደረገው ሌላኛው ላይ ይለጠፋል፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ባለቤቴ በስልኳ ኮፒ ያደረገችውን እኔ ማኩ ላይ ፔስት ሳደርገው የስጦታ ዋጋ አይቼባት አውቃለሁ፣ በአንድ አፕል አካውንት ስለምንጠቀም። ልደቴ ተበላሸ።

ባንክ_ቤት_ነኝ (ረቡዕ ጠዋት 3፡00)

ባንክ ውስጥ አይቲ ሳፖርት ነኝ፣ የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። እኛ ጋ የቅርንጫፍ ኮምፒውተሮች ላይ ይሄን ታሪክ በፖሊሲ ዘግተነዋል፣ ሠራተኛው ማብራት ራሱ አይችልም። ዊንዶውስ ፕሮ ከሆነ ግሩፕ ፖሊሲ (የአስተዳዳሪ ማስተካከያ) ውስጥ ኦኤስ ፖሊሲ የሚል አለ፣ እዛ ታሪክ መያዙንም በመሣሪያዎች መካከል መላኩንም ለየብቻ መዝጋት ይቻላል። ዊንዶውስ ሆም ላይ ግሩፕ ፖሊሲ የለም፣ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ መዝገብ) ነው የሚነካው፣ ካላወቃችሁ አትንኩት።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ መቆጣጠር። ሰዎች ኮምፒውተራቸው ሲበላሽ ሰው በሪሞት ያስገባሉ፣ ክሊፕቦርዱ ሁለቱም ወገን ላይ አንድ ሆኖ ነው የሚሰራው ካልተዘጋ በስተቀር። ያ ሰው እየሰራልህ ሳለ አንተ በጎን የፓስወርድ ፋይልህን ከፍተህ ኮፒ ብታደርግ እዛ ማዶ ይደርሳል። የእሱ ማሽን ላይ ታሪክ ከበራ ደግሞ እዛ ተመዝግቦ ይቀራል። ሰው በሪሞት እያስገባችሁ ኮፒ አታድርጉ።

ጽሕፈት_በፖሊ ለሰዎቹ ልንገራቸው ወይ ላልሽው፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም ግን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። የሰው መረጃ የያዘ ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት የሚል መንፈስ ነው ያለው። አዋጁ ባይኖርስ? ፓስወርዱን የሰጠሽን ሰውዬ ደውለሽ "ቀይረው" ማለት ምን ይጎዳል? አንድ ስልክ ነው።

ጽሕፈት_በፖሊ (ረቡዕ ጠዋት 3፡45)

ልክ ነህ። ደንበኛ ይሸሸኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። ዛሬ እደውልለታለሁ።

ግን ኪፓስ ምናምን የሚባል የፓስወርድ መያዣ ብጠቀም አይገባም ይባላል እውነት ነው?

ሊኑክስ_ወይም_ሞት

እውነት ነው። ኪፓስ ፓስወርድ ኮፒ ሲያደርግ ለዊንዶውስ "ይሄን ታሪክ ውስጥ አታስገባ፣ ወደ ሌላ መሣሪያም አትላክ" የሚል ምልክት አብሮ ይለጥፍበታል፣ ዊንዶውስም ያከብረዋል። ከዛ በራሱ በ12 ሰከንድ ውስጥ ከጠረጴዛው ያነሳዋል። ግን እህቴ ያንቺ ደንበኛ ኪፓስ የለውም፣ ያንቺ ደንበኛ ፓስወርዱን በቴሌግራም ነው የሚልክልሽ። ከቴሌግራም ኮፒ ሲደረግ ፓስወርድ ይሁን የሰርግ ጥሪ ዊንዶውስ በምን ያውቃል።

ኬብል_ጎታች (ረቡዕ 5፡20)

ቆይ ቆይ። አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ 25 መስመር ስናወራ ቴሌግራሙን ማንም አላነሳም።

ጽሕፈት_በፖሊ እስኪ በሐቅ መልሺልኝ፣ ሱቅሽ ያለው ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ ስንት ሰው ፋይል ልኮልሻል? ሰው ሁሉ "ቴሌግራም አለሽ? ልላክልሽና አትሚልኝ" ነው የሚለው። መታወቂያ፣ ዲግሪ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ፓስወርድ፣ ሁሉም ቻቱ ውስጥ ተቀምጧል። ክሊፕቦርዱ ሪስታርት ሲያገኝ ይጠፋል፣ ቴሌግራሙ ግን ካላጠፋሽው ዓመት ዓመቱን አለ። ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥም ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚል ፎልደር አለ፣ ክፈችውና ቁጠሪው። እኔ አንድ ቤት ኮምፒውተር ልጠግን ሄጄ ስከፍተው የግማሽ ሰፈሩ መታወቂያ እዛ ውስጥ ነበር፣ እግሬን ነቅዬ ልወጣ ምንም አልቀረኝ።

ጽሕፈት_በፖሊ

...

አየሁት። 2,317 ፋይል።

ዝም_ባይ

😳

ኬብል_ጎታች (ረቡዕ 5፡50)

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ፣ እኔ ብሆን እንደዚ ነው የማደርገው። ክሊፕቦርዱን ሙሉ በሙሉ አታጥፊው፣ እንጀራሽ ነው። መላኩን ግን ዛሬውኑ ዝጊ፣ ከዛ እዛው ገጽ ላይ የክሊፕቦርድ ዳታ አጽዳ የሚለውን ንኪ፣ ወደ ማይክሮሶፍት የተላከውንም አብሮ ያጠፋል፣ ፒን ሲቀር። ደንበኛ ራሱ ቁጭ ብሎ የሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ሌላ ዩዘር ፍጠሪ፣ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ያልተያያዘ ሎካል፣ አድሚን ያልሆነ። ታሪኩ በዩዘር ስለሚለያይ ያንቺን አያዩም፣ አንቺም የነሱን አታዪም። ከደንበኛ ደንበኛ መሃል ሪስታርት ማድረግ ሰዓት ይፈጃል ካልሽ ዊንዶውስና ቪ ከፍተሽ ከላይ አጽዳ የሚለውን መንካት ሁለት ሰከንድ ነው። የፓስወርድ ሣጥን ላይ ሲደርስ ደግሞ ኪቦርዱን ወደ ደንበኛው ግፊው፣ ራሱ ይጻፍ፣ አንቺ ዞር በይ። የቴሌግራሙን ፎልደር ማታ ማታ አጥፊ፣ ቻቱንም ለሁለታችንም አጥፋ ብለሽ።

ሐሙስ_ገበያ

ኪቦርዱን ግፊው ያልከው ነገር ጥሩ ነው ግን እናቶች ጋ አይሰራም፣ ፓስወርዱን ራሳቸው ጮክ ብለው ነው የሚነግሩሽ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። "የልጄ ስምና 123 ናት ልጄ" 😂

ሲልቨር_ስፕሪንግ

አንድ ነገር ልጨምርና ልውጣ፣ ሰሞኑን እዚ ቢሮአችን ውስጥ የተያዘ ሰው ስላለ። አንድ ድረ ገጽ ትከፍታላችሁ፣ ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ ይላል፣ ትነካላችሁ፣ ከዛ የዊንዶውስ ቁልፍና አር ተጫኑ፣ ቀጥሎ ኮንትሮል ቪ፣ ቀጥሎ ኢንተር ይላችኋል። አስተውሉ፣ ስትነኩ ድረ ገጹ ክሊፕቦርዳችሁ ላይ ትእዛዝ አስቀምጧል፣ እናንተ በገዛ እጃችሁ ታስኬዱታላችሁ። ክሊክ ፊክስ ይሉታል፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጣም በዝቷል። አንቲቫይረስም ብዙ ጊዜ አያስቆመውም ምክንያቱም ያስኬደው ሰው ነው። ምንም የሮቦት ማረጋገጫ ኮንትሮል ቪ አይልም። ከተጠራጠራችሁ ዊንዶውስና ቪ ብላችሁ ምን እንደተቀመጠ እዩ፣ ረጅም ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ መስመር ካያችሁ ገጹን ዝጉና ውጡ።

መምህር_በጡረታ

ይሄ እኔ ጋ ደርሶ ነበር! አር የሚለውን ቁልፍ ፈልጌ እስካገኝ የልጅ ልጄ ደርሳ ዘጋችው። ቀስ ብሎ መጻፍም ይጠቅማል ለካ።

ጽሕፈት_በፖሊ (ዓርብ ማታ 2፡30)

ያደረግኩትን ልንገራችሁና ልዝጋው። መላኩን ዘጋሁ፣ አጸዳሁ፣ ላፕቶፑ ላይ ማታ ገብቼ ሳየው ባዶ ነው፣ ወንድሜ "ስለላው አለቀ?" አለኝ። ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ደንበኛ የሚል ዩዘር ፈጠርኩ። የቴሌግራሙን ፎልደር ሁለት ምሽት ፈጀብኝ ምክንያቱም ያልተከፈለበት ሥራ ነበረበት መለየት ነበረብኝ። ለሰውዬው ደወልኩ፣ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዛ "እንዴት ነው የሚቀየረው?" አለኝ፣ ስለዚህ ቅዳሜ ይመጣልና በራሱ ስልክ ላይ አስቀይረዋለሁ፣ በነጻ። የፋይዳዋን እናት ስልክ የለኝም፣ ሰፈራችን ናቸው ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ።

አሁን የሚያስቀውን ስሙ። ያ ዊንዶውስና ቪ ያሳየኝ ተማሪ ትናንት ከሰዓት መጣ። ደንበኛ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ አለ፣ ተጫነ፣ ባዶ። "እንዴ ሰኞ ኮፒ አርጌ የተውኳቸው 30 ሪፈረንሶች የት ሄዱ?" አለኝ። ሰነድ ላይ አላስቀመጣቸውም፣ ዝርዝሩ ላይ ትቷቸው ነው የሄደው፣ እንደ መሳቢያ! አጸዳሁት አልኩት፣ ፊቱ ጠቆረ። ከ25 በላይ እኮ አይዝም፣ አምስቱ ሰኞውኑ ሄደዋል አልኩት። ቆጠረ፣ አሰበ፣ "ለዛ ነው ለካ ባለፈው ሪሰርች ላይ ሪፈረንስ ጎደለ ብሎ አድቫይዘሬ የመለሰብኝ" አለ።

መምህር_በጡረታ

እኔም ዛሬ ተጫንኩት። ላብራው ወይ አለኝ። ተወው አልኩት፣ ለኔ አንድ ባንድ ይበቃኛል።

ጽሕፈት_በፖሊ

ጋሼ ባሕር ዳር ከመጡ ይጎብኙኝ፣ ደብዳቤዎትን አንድ ባንድ እጽፍልዎታለሁ 😄